የሰው ስህተት

በግድግዳው ሦስት ሰዓት ነው፣ በእናቴ አቆጣጠር ዘጠኝ፤
አሽቀሎን በሙሉ ተኝታ፣ ስድስት ስክሪን ነው የሚያየኝ።
ከመስኮቱ ወዲያ ባሕር፣ ከመስኮቱ ወዲህ ጓዳ፤
ጨዉን ለባለቤቱ መልሰን፣ ለከተማ ጥም የምንቀዳ።

ደወሉ ጮኸ። አጠፋሁት። ጮኸ። ደግሜ አጠፋሁት።
«ዝም ብሎ ነው» አለኝ ገናዲ፣ ፈረቃ ሲያስረክብ፤ አመንሁት።
ሲሞቀው ይጮኻል፣ ሲበርደው ይጮኻል፣
በር ሲከፈት ይጮኻል፣ በር ሲዘጋ ይጮኻል።
በአንድ ሌሊት አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ የጠራኝ ደወል፣
አራት መቶ አሥራ ሦስተኛው እውነት ነው ብዬ እንዴት ልበል?

ሦስት ቁጥር ፓምፕ ተንቀጠቀጠ። አሥራ ሦስት ቁጥር ደህና ነው።
ቁልፎቻቸው ጎን ለጎን፣ አረንጓዴያቸው አንድ ነው።
መንታ የወለደች እናት፣ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ፣
የታናሹን ስም ይዛ ነው ታላቁን የምትጣራ።
ጣቴ ሄደች። ደህናው ቆመ፤ በሽተኛው እየሮጠ ቀረ፤
ጎህ ሲቀድ ብረቱ ግሎ፣ ዘንጉ ለሁለት ተሰበረ።

በስብሰባው ወረቀት ተነበበ፤ መደምደሚያው ሁለት ቃል፦
ታዑት ኤኖሽ። ወደ አፌ መፍቻ ስመልሰው፣ «የሰው ስህተት» ይላል።
በዚያ በአፌ መፍቻ ግን፣ በልጅነቴ የሰማሁት
የሰው ላም፣ የሰው ማሳ፣ የሰው አገር ሲሉት፣
የሰው ማለት የኔ ያልሆነ፣ ያልነካሁት፣ የጎረቤት።
ታዲያ ይኼ የሰው ስህተት
ምን ሊሠራ መጣ ከኔ ቤት?

እንዲህ አላልሁም። ፈረምሁ።
ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የቤት ብድር አለብኝ።

ከሃይፋ አንዲት ሴት መጣች፣ ኦርና፣ ያረጀ ቦርሳ ያነገተች፤
«ለምን ተሳሳትህ?» አላለችም፤ «ያኔ ምን ታይቶህ ነበር?» አለች።
ሙያዋ፣ ሰውና ማሽን አንድ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ፣
የቱ ጋ መደማመጥ እንዳቆሙ መፈለግ ነው፤ እዚያ ነው ሥሩ።
አራት ሌሊት ተቀመጠች፣ ከኋላዬ፣ ወንበር ላይ፤
የጮኸውን ሁሉ ቆጠረች፤ ስትጽፍ ነው እስኪነጋ የማይ።

በአምስተኛው ሌሊት፣ ሳትጠይቀኝ፣ ስለ ክዳኑ ነገርኋት።
ጋሼ ዓለምነው፣ ጡረታ ሳይወጣ፣
የእርጎ ክዳን በፕላስተር አሥራ ሦስት ቁልፍ ላይ ለጥፎ ነበር፤
እጅ በጨለማ ቢዳብስ እንኳ፣ «እኔ አይደለሁም» እንዲል ቁልፉ።
ዓመታት ኖረ። ቆሸሸ፣ ጠርዙ ተላጠ፤ ሠራ።
ከዚያ እንግዶች ሊጎበኙን ሆነ፤ ክፍሉ ይጽዳ ተባለ፤
ለዓይን አያምርም ተብሎ
ተነቀለ።

ኦርና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«መቼ?»
«ከዚያች ሌሊት ዘጠኝ ቀን በፊት።»
ምንም አልጻፈችም፤ ባሕሩን አየች፤ እኔም አየሁት።
በመካከል ደወሉ ጮኸ። ሁለታችንም ደነገጥን።
አጠፋሁት።

አሁን የሦስት ቁልፍ ክብ ነው፤ የአሥራ ሦስት ጠርዙ ሻካራ፤
አንዱ ከሌላው ርቆ ተተከለ፣ በየሰፈሩ፣ በየተራ።
ደወሉም ሠላሳ ቢሆን ነው በሌሊት፤ ሲጮኽ እነሣለሁ፤
በመካከል ያለው ዝምታ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ እፈራዋለሁ።
ወረቀቱ አልተቀደደም፤ ፊርማዬ እታች እንዳለ ነው።
ውኃው ጠርቶ ሲወርድ ደግሞ፣ በየቤቱ፣ በየጓዳው፣
«የሰው ሥራ» የሚል ወረቀት እስከ ዛሬ አላየሁም።

ጧት ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትሁ፣ አንድ ብርጭቆ ቀዳሁ፤
«ምን ፈልገህ ነው አባ፣ እንዲህ የምታጣጥመው?» አለች ልጄ።
«ጨው» አልኋት፤ ጠጣሁ።
«የለውም እኮ!»
የለውም።

መጋረጃውን ጋረድሁት።
በግድግዳው ሰባት ሰዓት ነው፣ በእናቴ አቆጣጠር አንድ።
ዓይኔ ወዲያው እሺ አለኝ፤
ጆሮዬን ነው ማስተኛት ያቃተኝ።